ቁልቁለት የምታጠራቅም መኪና

ይኸነው በሠላሳ አራት የሹፌርነት ዓመት አራት አይሱዙ ቀይሯል፤ ድንጋዩን ግን አልቀየረም። የሕፃን ራስ የምታህል፣ አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ የሆነ ጥቁር ድንጋይ ናት። መኪና ባቆመ ቁጥር ማርሹን ነጻ ያደርጋል፣ የእጅ ፍሬኑን እስኪንቋቋ ይስባል፣ ከዚያ ወርዶ ድንጋይዋን ከኋላ ጎማ ሥር ይወትፋል። ሊነሳ ሲል አንስቶ አቧራዋን በሱሪው ይጠርግና ከወንበሩ ጀርባ ይመልሳታል። የጥሊሊም፣ የዳንግላም፣ የጫግኒም ሹፌሮች ያውቋታል። አሳምነው የሚባለው የኤፍኤስአር ጭነት መኪና ሹፌር ጓደኛው፣ “ይኸነው ሁለት ሚስት አለው፤ አንዷ ዘውድነሽ፣ አንዷ ድንጋይዋ” እያለ ሲተርበው ኖሯል። ይኸነው ቅር ብሎት አያውቅም። “ፍሬን ብረት ነው፤ ብረት ይደክማል። ድንጋይ ሲደክም አይተህ ታውቃለህ?” ይለዋል።

ሰው እንዲህ ዓይነቱን ሹፌር ሲያይ ይስቃል። ይሳቅ። በዚያ ሁሉ ዓመት ይኸነው አንድ ሰው አልገጨም፣ አንድ በግ እንኳ አልዳጠም። የመንጃ ፈቃዱ ቀለም ሳይደርቅ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ስልክ የሚያወራው ሁሉ በእሱ ድንጋይ ሲስቅ ማየት ነው የሚያናድደው።

ተወልዶ ያደገው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ነው። አባቱ በአካባቢው የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ፤ ይኸነውም ከመራመዱ በፊት ኮርቻ ላይ ተቀምጧል ይባላል። በቤቱ አገውኛ፣ በትምህርት ቤቱ አማርኛ ተማረ፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተወና ወደ ጭነት መኪና ዞረ። ድንችና ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ከሰል ሲጭን፣ ከጫግኒ በቆሎና በርበሬ ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ዕድሜው አለፈ። ዘውድነሽንም ያገኛት መንገድ ላይ ነው። እንጅባራ መግቢያ ላይ የቀርከሃ ወንበር ትሸጥ ነበር። ባለፈ ቁጥር ቆሞ አንድ ይገዛል። ሰባተኛውን ሲገዛ አላስቻላትም።

“አንተ ሰውየ፣ ቤትህ ስንት ሰው ነው የሚቀመጠው?”

“ማንም” አላት።

በወንበሮቹ ላይ አራት ልጆች አደጉ። ሁሉም ተማሩ፤ የመጨረሻዋ ናርዶስ ፋርማሲስት ሆና ባሕር ዳር ትሠራለች። ይኸነው በስልሳ ሦስት ዓመቱ ጉልበቱ ፍሪሲዮን መርገጥ ሲያቅተው አራተኛውን አይሱዙ ሸጠ። ያን ጊዜ ነው የታመመው። ሐኪም የሚያገኘው ሕመም አልነበረም። ጠዋት ተነስቶ ይለብሳል፣ ደጅ ይወጣል፣ የሚሄድበት ያጣል። ዘውድነሽ ለናርዶስ ደውላ፣ “አባትሽ ግቢውን ሲዞር ይውላል፤ ሳሩን ጨርሶ ረገጠው” አለቻት።

ናርዶስ ከወንድሞቿ ጋር ተማክራ አንዲት ነጭ የቤተሰብ መኪና ገዛች። ፍሪሲዮን የላትም፤ በነዳጅም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ የሚሏት ናት። እናቷ ወገቧን ስለሚያማት በሚኒባስ ተጨናንቃ ወደ እህቷ ወደ እንቁ፣ ወደ ጫግኒ ከምትሄድ፣ አባቷ ተንከባክቦ ይወስዳታል ብላ ነው። መልካም አስባለች። መኪናዋን አምጥታ በሰጠችው ቀን ግን አጠገቡ የተቀመጠችው ለዐሥር ደቂቃ ነበር።

“አባየ፣ ይኸውልህ። ዲ ላይ ታደርግና ትነዳለህ። ሌላውን አትንካ።”

“ይኼ ኢቪ የሚለውስ?”

“ተወው።”

“ኢኮ? ፓወር?”

“እነሱንም ተዋቸው።”

“ቢ የሚለውስ ማርሹ ላይ ያለው?”

“እሱን እኔም አላውቀውም።”

ይኸነው መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። “ታዲያ ግማሹ የማይነካ ከሆነ ለምን ተሠራ?” አላት።

ልጅቱን አትፍረዱባት። ሻጩ ለእሷም የሰጣት ሁለት ቁልፍና በጃፓንኛ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ነው። በዚህ አገር መኪና የሚሸጥ ሁሉ ቁልፍ ያቀብላል እንጂ እውቀት አያቀብልም። ገዢው አንድ ነገር ሲያበላሽ ደግሞ፣ “ገጠሬ ምን ያውቃል” ይላል፤ አያፍርም። ይኸነው ያላወቀው ያልነገሩትን ነው። የነገሩትንማ መቼ ረስቶ ያውቃል?

መጀመሪያ ያስቸገረው ዝምታዋ ነበር። ሹፌር መኪናውን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ይቺ ግን ተነስታ ስትሄድ እንኳ ትንፍሽ አትልም። አንድ ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ እየቆመ ኮፈኑን ይከፍት ነበር። “ጠፍታለች” ይላል። ዘውድነሽ ከውስጥ፣ “ኧረ ግባ፣ ሰው እያየን ነው! እየሄደች እንዴት ጠፋች?” ትለዋለች። ከዚያ ለመደው፤ ወይም የለመደው መሰለው።

የእንቁ የልጅ ልጅ ክርስትና በኅዳር ወር ነበር። ይኸነውና ዘውድነሽ ማልደው ከእንጅባራ ተነሱ። የጫግኒ መንገድ ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ ሁለት ዓይነት ቁልቁለት አለው። አንዱ ቁጡ ነው፤ አይሱዙ የነዳ ሰው ሁሉ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩን እያስጮኸ ይወርደዋል። ሌላው ለስላሳ ነው፤ ከአንዲት ብቸኛ ዋንዛ ጀምሮ እስከ ታችኛው ድልድይ ይዘልቃል። ነዳጅ በጠፋ ቁጥር፣ መቼስ የማይጠፋበት ጊዜ የለም፣ የመስመሩ ሹፌር ዋንዛዋ ጋ ሲደርስ ማርሹን ነጻ አድርጎ ይለቃል። የዋንዛዋ ሕግ ነው፤ ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያከብረዋል። ማደያ ደጅ ሁለት ቀን ተሰልፎ ላደረ ሰው ያቺ ቁልቁለት የእግዜር ስጦታ ናት።

ይኸነው በቁጡው ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ፈልጎ አጣ። ፍሬን ረግጦ ወረደ። ዋንዛዋ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ማርሹን ነጻ በሆነው ኤን ላይ አድርጎ ለቀቃት፤ መኪናዋም እንደ ውኃ ፈሰሰች። “አየሽ ዘውዴ? አንዲት ጠብታ አልበላችም!” አለ። ዘውድነሽ ግን ዓይኗ ፊት ለፊት ባለው ስክሪን ላይ ነበር፤ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ተወችው።

ጫግኒ ሙቀቱ እንደ እሳት ነበር። ይኸነው እንቁ ደጅ ማርሹን ነጻ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ድንጋይዋን ወትፎ አቆመ። መኪናዋን ግን አላጠፋትም። እንቁ ሙቀቱ ስላደከማት ቀዝቃዛ አየር እየመታት ትቀመጥ ብሎ ማቀዝቀዣውን ከፈተላት። የክርስትናው ሽማግሌዎች ይህን ሲያዩ ጉድ አሉ። አንዱ ገባ፣ “እሰይ፣ ልክ እንደ እንጅባራ!” አለ። ሌላው ተከተለ። ትንሽ ቆይቶ ሰልፍ ሆነ፤ ሽማግሌ ይወጣል፣ ሽማግሌ ይገባል። ይኸነው በር እየከፈተ እየዘጋ ኮራ። መኪናዋ መሐል ላይ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረች፤ ስክሪኑ ላይም ቢጫ ጽሑፍ ወጣ።

“ምን ትላለች?” አለች እንቁ።

“ሰው በዛብኝ ነው የምትለው” አላት። ሳቁ።

ሰዓት ተኩል እንዳለፈ ዝም አለች። ይኸነው አጥፍቶ አስነሳት። መብራቶቹ በሙሉ በሩ፤ ለመሄድ ዝግጁ ስትሆን የምትበራው አረንጓዴዋ ግን አልበራችም። እንደገና ሞከረ። አልሆነም። ከጥሊሊ እስከ ጫግኒ የተበላሸ መኪና ሲያስነሳ የኖረ ሰው ኮፈን ከፍቶ ቆመ፤ የሚነካው አንድ ገመድ አላወቀም።

የመጣው አሳምነው ነው። በቆሎ ሊጭን ጫግኒ ወርዶ ነበርና ባዶ ኤፍኤስአሩን ወደ አንድ ከፍ ያለ አፈር አስጠግቶ መኪናዋን በሰው ጉልበት ገፍተው ጫኗት። ባለሙያ አለ ወደተባለበት ወደ ዳንግላ ሊወስዷት ነው፤ መንገዱ ደግሞ በእንጅባራ መሐል ነው፤ ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን። ይኸነው ጋቢና ውስጥ አንገቱን ቀበረ። የባጃጅ ሹፌሮች አፏጩ። “ጋሽ ይኸነው! ድንጋይዋ አደገች እንዴ?” አለ አንዱ። “መኪናውን ጫነ፣ እሱን ማን ይጫነው?” አለ ሌላው። ሰው ሲወድቅ እጅ ከመዘርጋት ፉጨት የሚቀናው ከተማ ነው። ያፏጩት ልጆች ግማሾቹ መንዳት የተማሩት እሱን ዓይን ዓይኑን እያዩ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

ዘውድነሽ መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው። “ምን ታያላችሁ? መኪና ሲጫን አይታችሁ አታውቁም? እናንተስ ባጃጃችሁ መቼ በራሷ እግር ሄዳ ታውቃለች!” ብላ ጮኸችባቸው። ከዚያ መስኮቱን ዘግታ፣ አሳምነው እንዳያይ አድርጋ የባሏን እጅ ያዘች።

ወሬው ባሕር ዳር ለመድረስ አልዘገየም። ናርዶስ በማግሥቱ ደወለች። ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነበር፤ ይኸነውን የጎዳው ደግሞ ልስላሴው ነው።

“አባየ፣ አልተናደድኩም። ግን እማየ መሐል መንገድ ላይ ብትቀርስ? ምንይችል የሚባል ጥሩ ሹፌር አግኝቻለሁ። ለጥር ሃያ ሦስት የፈረሰኞች በዓል ስመጣ ይዤው እመጣለሁ። እሱ ይነዳችኋል።”

“እኔስ?”

“አንተማ ከጎኑ ትቀመጣለህ። ዕረፍ ነው የምልህ።”

ይኸነው ስልኩን ለዘውድነሽ ሰጥቶ ወጣ። ሳር የሚረግጥበት ግቢ እንደገና ታየው። ከጎን መቀመጥ ማለት ለእሱ ዕቃ መሆን ነው፤ የሚጫን፣ የሚወርድ።

ዳንግላ ያለው ባለሙያ ምህረቴ ይባላል። ትልቅ ጋራዥ የለውም፤ አንድ የቆርቆሮ መጠለያ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ በእጁ የሠራው የባትሪ መሙያ። ባትሪውን ሦስት ቀን ሞልቶ መኪናዋን ካስነሳ በኋላ ባልና ሚስቱን አስቀምጦ ጠየቃቸው።

“ጋሽ ይኸነው፣ ጫግኒ ሲያቆሟት ማርሹ የት ነበር?”

“ነጻ ነዋ። ድንጋይም አድርጌያለሁ።”

ምህረቴ አልሳቀም። ይህን ልብ በሉ፤ በዚያ ወር ይኸነው ካገኛቸው ሰዎች ሁሉ ያልሳቀበት እሱ ብቻ ነው። “ይቺ ኤን ላይ ሆና ሞተሯ ቢነሳ እንኳ ባትሪዋን አትሞላም” አለው። “ማቀዝቀዣው ከባትሪው ይጠጣል፣ የሚተካ የለም። ደረቀች። ሲያቆሙ ጎማዋን በሚቆልፈው ፒ ላይ ያድርጓት፤ ፒ ላይ ከሆነች ሲርባት ሞተሯን ራሷ አስነስታ ትሞላለች። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጭራሽ ኤን አይንኩ። ቁልቁለት ምግቧ ነው።”

“ቁልቁለት ምግቧ ነው?”

“ስትወርድ ጎማው ባትሪውን ይሞላዋል። ዲ ላይ ትተው ፍሬኑን በስሱ ይንኩት። ቁልቁለቱ ቁጡ ሆኖ ከረዘመብዎ ቢ ያድርጓት። ያኔ ሞተሯ ይይዛታል፤ እንደ አይሱዙ ሁለተኛ ማርሽ ይቁጠሩት።”

“ሁለተኛ ማርሽ አለቻ!” ይኸነው ከወንበሩ ተነሳ። “ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ያስወረዱኝ፣ ማርሹ እያለ?”

“እኔ አይቼው ነበር” አለች ዘውድነሽ።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

“ስክሪኑ ላይ ስዕል አለ። ጎማ አለ፣ ባትሪ አለ። ፍሬን ስትረግጥ ከጎማው ወደ ባትሪው ቀስት ይሄዳል። ዋንዛዋ ጋ ማርሽ ስትለቅ ቀስቱ ጠፋ። ድልድዩ ድረስ አልተመለሰም።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ማን ጠየቀኝ? ‘አየሽ፣ ጠብታ አልበላችም’ ስትል ደስ ብሎህ ነበር። ደስታህን ላበላሽ?”

ምህረቴ ያን ጊዜ ሳቀ፤ ለእሷ ነው የሳቀላት። “እትየ፣ እርስዎ ከእኔ ተለማማጆች ይሻላሉ” አላት። ከዚያ የቀረውን አስረዳቸው። ኢቪ የሚለው በባትሪ ብቻ መሄጃ ነው፤ ባትሪ እስካለ፣ በዝግታ፣ በአጭር መንገድ፤ ሲፈጥኑባት ራሷ ትተወዋለች። ኢኮ እግርን ያለዝባል፣ ማቀዝቀዣውንም ይቆጥባል። ፓወር ወደሚለው ሲደርስ ይኸነው አቋረጠው።

“ጉልበት ይጨምራል?”

“ያላትን ነው ቶሎ የምትሰጥዎ። የሌላትን ከየት ታመጣለች?”

ወደ እንጅባራ ሲመለሱ ግማሽ መንገድ ላይ ይኸነው፣ “አባቴ ይህንኑ ስለ ፈረስ ነግሮኝ ነበር” አለ።

“ማን?”

“አባቴ። በዳማው ፈረስ ሲያሠለጥነኝ፣ ቁልቁለት ላይ የልጓሙን ዛብ ከለቀቅኩ በአለንጋ ይነካኝ ነበር። ‘ወደ ኋላ ተደገፍ፣ ሰብስበህ አውርደው፤ ትንፋሹን ለዳገቱ ያኑርልህ’ ይለኝ ነበር። ሜዳውን በሶምሶማ። ግልቢያ ለሚያስፈልግበት ብቻ። ይቺ እኮ ፈረስ ናት፣ ዘውዴ! እኔ ግን አይሱዙ መስላኝ…”

“ፈረስስ ድንጋይ ይደረግላታል?”

“ዝም በይ አንቺ!” አለ። ድምፁ ውስጥ ግን ከክርስትናው ቀን ጀምሮ ያልተሰማ ሳቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥር እስኪደርስ ድረስ በየጠዋቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ቁልቁለትና ዳገት ተለማመዱት። ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ፓወር ላይ አድርጎ ሲወጣ ነዳጁን አስበላት። ቢ ላይ አድርጎ ረስቶት ሜዳውን ሁሉ እየተጎተተ ሄደ። ኢቪ ላይ ሳለ ቸኩሎ ረገጣት፤ ጢጥ ብላ ወደ ሞተሯ ተመለሰች፤ ተቆጣት፤ ሲቆጣ በአገውኛ ነው፣ በአገውኛ ደግሞ የሚናገረው ለፈረስና ለመኪና ነው። ዘውድነሽ ከጎኑ ሆና ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ትጮሃለች፦ “ቀስቱ መጣ! ቀስቱ ጠፋ! እግርህን አንሳ፣ ጠፋ እኮ!” የሚያልፍ ሰው የተጣሉ ይመስለው ነበር። አንድ ጎረቤትማ ሊያስታርቅ መጣ።

ጥር ሃያ ሁለት ናርዶስ መጣች። ምንይችልም አብሯት መጣ፤ ጎልማሳ፣ ጨዋ፣ ባሕር ዳር ውስጥ የሰው መኪና የነዳ ሹፌር ነው። በማግሥቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ነበርና እንቁን ከጫግኒ ማምጣት ያስፈልግ ነበር፤ ባሏ በሕይወት ሳለ ይጋልብበት ከነበረው በዓል አንድም ዓመት ቀርታ አታውቅም።

“ምንይችል ይዞ ይሂድ” አለች ናርዶስ።

“እኔ እነዳለሁ። እሱ ከኋላ ይቀመጥ” አለ ይኸነው። “እንቁን ይዤ ከተመለስኩ ቁልፉ የእኔ። መንገድ ላይ ከቀረሁ በራሴ እጅ እሰጠዋለሁ። ሁለተኛም አልጠይቅም።”

ናርዶስ የነዳጅ መለኪያውን አየች። ሁለት ቁራጭ ብቻ ቀርቷል። “ነዳጅ የለውም እኮ፣ አባየ።”

“እንጅባራ የለም። ጫግኒም የለም። ያለው ይበቃል።”

“ለደርሶ መልስ? ዳገቱንስ?”

ዘውድነሽ የፊቱን በር ከፍታ ገባች። “ይበቃል ተብለሻል” አለቻት።

አራቱም ተነሱ። ይኸነው ከተማውን በኢቪ፣ ኮቴ ሳይሰማ ወጣ። ቁጡው ቁልቁለት ሲጀምር ማርሹን ቢ ላይ ሳበ። ሞተሩ ጎረነነ፤ ይኸነው ያን ድምፅ ሲሰማ እንደ ድሮ ዘመድ ሰላም ሊለው ምንም አልቀረው። ፍሬን ሳይረግጥ፣ ወደ ኋላ ተደግፎ፣ ሰብስቦ አወረዳት። ከኋላ ምንይችል አንገቱን አስግጎ፣ “ጋሽ ይኸነው፣ ይኼ ምንድን ነው?” አለ። “ዛብ ነው” አለው፤ ሰውየው አልገባውም።

ማርሹን ወደ ዲ መልሶ ትንሽ እንደሄደ ዋንዛዋ ታየች። ከፊታቸው የነበረ አንድ ሚኒባስ እዚያ ሲደርስ ሞተሩ ጸጥ ብሎ መንሸራተት ጀመረ። የይኸነው ቀኝ እጅ ሳያዝዘው ተነሳ። ሠላሳ አራት ዓመት እዚህች ቦታ ላይ ሲነሳ የኖረ እጅ ነው። ማርሹን ያዘ። ናርዶስ ከኋላ በመስተዋቱ ታየዋለች። ዘውድነሽ እንደ ወትሮው አልጮኸችም፤ ልጅቱ ፊት ልታዋርደው አልፈለገችም። ብቻ እጇን ሰዳ እጁ ላይ አሳረፈችው። እንደዚያው ሆነው ወረዱ፤ ማርሹ ዲ ላይ፣ የእሱ እጅ ማርሹ ላይ፣ የእሷ እጅ በእጁ ላይ። ሚኒባሱ ርቆ ሄደ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ የባትሪው ስዕል ጫፉ ድረስ ሞልቶ ነበር።

ጫግኒ ላይ ፒ አድርጎ አጠፋት። እንቁ፣ “ማቀዝቀዣውስ?” ብላ ስታኮርፍ፣ “ነዳጅ የለም፤ ዛሬ በመሐረብሽ ተራገቢ” አላት።

ዳገቱ ሌላ ነገር ነው። አምስት ሰው ተጭነው፣ ከቆላ ወደ ደጋ። ይኸነው ኢኮ ላይ አድርጎ እንደ ሽማግሌ ዝግ ብሎ ጀመረ። የኋላ መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ አለፉት።

“ጋሽ ይኸነው፣ ፓወር ቢጫኑት ይሻላል” አለ ምንይችል።

“ገና ነው።”

“እየተንፏቀቅን ነው እኮ።”

“ፈረስ ጋልበህ ታውቃለህ?”

“አላውቅም።”

“እንግዲያው ገና ነው አልኩህ።”

ሁለተኛዋ የነዳጅ ቁራጭ ጠፋች። አንዷ ቀረች። ናርዶስ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ውጭ አየች። ያ ቁጡ ቁልቁለት አሁን ቁጡ ዳገት ሆኖ ሲመጣ፣ አንድ ከሰል የጫነ መኪና ፊታቸው ላይ ሊቆም ደርሶ እየተንገታገተ ነበር። ከኋላው ቢቆሙ መልሶ መነሳት ከባድ ነው። ይኸነው ከላይ የሚመጣ መኪና አለመኖሩን አየ፣ ፓወርን ተጫነ፣ እግሩን አሳረፈ። ከታች ሲያጠራቅሙት የመጡት ሁሉ አንድ ጊዜ ወጣ። እንቁ፣ “ጊዮርጊስ!” አለች። የከሰሉን መኪና አልፈው ከፍታው ላይ ሲወጡ ይኸነው ወዲያው ኢኮ ላይ መለሳት፤ እግሩንም አነሳ። እንደ ላበው ፈረስ መሪዋን ቸብ ቸብ አደረጋት።

እንጅባራ ሲገቡ ያቺ አንዷ የነዳጅ ቁራጭ በቦታዋ ነበረች። የባጃጅ ተራው ጋ ሲያልፉ ዘውድነሽ መስኮቷን ዝቅ አደረገች፤ ምንም አልተናገረችም፤ ማየት ብቻ በቃት።

ግቢው ውስጥ ፒ አድርጎ አጠፋት። ቁልፉን አውጥቶ በመዳፉ ላይ አድርጎ ለናርዶስ ዘረጋላት። ልጅቱ አልተቀበለችውም። ጣቶቹን አንድ በአንድ በቁልፉ ላይ አጠፈቻቸውና ግንባሯን ትከሻው ላይ አስደገፈች። “ይቅርታ አባየ፤ እኔም ሳላውቀው ነው የሰጠሁህ” አለችው። ይህን የሚል ሻጭ ቢኖር ይኼ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ምንይችል ዕቃ ያወርድ ነበር። ከኋላ ሣጥኑ ውስጥ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አገኘ። “ይኼስ ምንድን ነው?”

“አምጣው” አለ ይኸነው። ድንጋይዋን ተቀበለው። ወደ ኋላ ጎማ ሄዶ ጎንበስ አለ፤ ጉልበቱ ተንቋቋ። እዚያው ቁጢጥ ብሎ መኪናዋን አያት። ንቅንቅ አላለችም። ፒ ላይ ናት። ጥቂት ጠበቃት፤ ምናልባት ሐሳቧን ትቀይር እንደሆነ።

ከዚያ ተነስቶ ድንጋይዋን አቅፎ ወደ ቤቱ ደጅ ሄደ፣ አቧራዋን በሱሪው ጠረገና ከሰባተኛው የቀርከሃ ወንበር አጠገብ አስቀመጣት። ዘውድነሽ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች፤ ቀኑን ሙሉ ሲያብጥ የዋለ እግሯንም ድንጋይዋ ላይ ሰቀለች።

“ምንይችል ነገ ከበዓሉ በኋላ ቢውን አሳዩኝ ብሎኛል” አላት ይኸነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“እሱ ተራ ይጠብቅ” አለች ዘውድነሽ። “መጀመሪያ እኔን ነው የምታስተምረኝ።”